ሳንቲም አይወለወልም

ዛሬ ስለ ሳንቲም አቀማመጥ ልናወራ ነው። አዎ፣ ስለ ሳንቲም! ኑሮ እንዲህ ተወድዶ፣ እኩያችን ሁሉ ማኪያቶውን በቴሌብር በሚከፍልበት ጊዜ "እነዚህ ልጆች ሥራ ፈቱ እንዴ?" ብትሉ አንቀየማችሁም። ግን ትንሽ ታገሱን። በብዙዎቻችሁ ቤት፣ በእማዬ ቁም ሣጥን ጥግ ወይም በአያት አልጋ ሥር፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ውስጡ ማንም ገበያ ይዞት የማይወጣ ገንዘብ አለ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቆርቆሮ ነው።

የእኛ ቆርቆሮ የአባዬ ነበር። ያደግንበት የጭቃ ቤት ሲፈርስ ዕቃው በየዘመዱ ቤት ተከፋፈለ። አልጋው አጎታችን ጋ ሄደ፣ ቡፌው አክስታችን ጋ፣ መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ታስረው የማን ቤት እንደገቡ እስካሁን እናጣራለን። ቆርቆሮውን ግን አባዬ ለማንም አላመነም። ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ለምንኖረው ለሁለታችን፣ ለሴት ልጆቹ፣ በእጃችን ሰጠን። "ልጆቼ፣ ይኼን እናንተ ያዙት" አለን። ሌላ ማብራሪያ የለም። ጡረታ የወጣ አስተማሪ እንዲህ ሲያሳጥር ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ውስጡ ያለው 37 ሳንቲም ነው። ሁለት ማርትሬዛ፤ አንዷ የአንገት ማሰሪያ ጆሮ የተበየደባት። አንድ የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ ፓሪስ የተቀረጸ፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፱ የተጻፈበት። 1936 ዓ.ም. የሚሉ የጃንሆይ የመዳብ ሳንቲሞችና አንድ የብር ስሙኒ አምሳያ ሳይሆን እውነተኛ የብር ሃምሳ ሳንቲም። ዙሪያዋ እንደ አበባ የተቆራረጠችው ሃያ አምስት ሳንቲምም አለች። ከዚያ የ1969ኞቹ፦ በሬ የሚያርሰው ገበሬ ያለበት አንድ ሳንቲም፣ ኒያላው ያለበት አሥር ሳንቲም፣ ሌሎችም። መጨረሻ ላይ ሚዛን ያለበት የ2002ቱ የአንድ ብር ሳንቲም፤ እሱን አባዬ ከታክሲ መልስ ነው ያገኘው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ ክፍል ቤት እንዴት አድርገን እናኑረው? ጋዜጠኝነት የተማርነው ለዚህ ባይሆንም መጠየቅ ግን ተምረናል። ሰብሳቢዎችን ጠየቅን፣ አነበብን፣ አባዬን ጨቀጨቅን። የደረስንበት ነገር አንድ ነው፦ የቤት ሳንቲም ከሌባ ይልቅ የሚጎዳው በወዳጁ ነው።

ከወዳጅነቱ ሁሉ የከፋው ውልወላ ነው። አንዲት የጎረቤታችን እትዬ የአያታቸውን የምኒልክ ብር ለልጃቸው ሠርግ "ይጽዳልኝ" ብለው ለአንጥረኛ ሰጡ። ሲመለስ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። የአንበሳው ጎፈር ግን የለም! ፊቱም የአንበሳ ይሁን የበግ አይለይም። እትዬ ደስ ብሏቸዋል፤ እኛም ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ሲነካው ነው። ያ ጥቁረት ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ጭቃ አይደለም፤ የራሱ የብሩ ቆዳ ተለውጦ ነው። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ስትፈትጉት የምታነሱት ብሩን ራሱን ነው። ቅርጹ ደግሞ ያለው ያቺው የላይኛዋ ስስ ገጽ ላይ ነው። ሰብሳቢ የተፈተገ ሳንቲም ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል፤ በጥቃቅን ጭረት የተሞላ የውሸት ብልጭታ አለው። አንዴ ከጠፋ የሚመልሰው የለም።

ከዚህ የባሰም አለ። ከአክሱም ነገሥታት የብርና የነሐስ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ አክሊሉ ወይም መስቀሉ ላይ ስስ ወርቅ ተቀብተዋል። አስቡት፤ ያ ወርቅ ከ1,500 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ቆይቶ፣ በአንድ ጠዋት ሎሚ ሊሄድ ይችላል። በነገራችን ላይ ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቆፍር እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ እንዳለበት የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ይደነግጋል። "እኔ ነኝ ያገኘሁት" ብሎ ኪስ መክተት አይሠራም።

"ታዲያ ጭቃ ቢኖርበትስ?" ትሉ ይሆናል። የተጣራ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ከዚያ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ሳይፈትጉ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅ። አለቀ። ከዚያ በላይ የሚያምራችሁ ከሆነ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።

እጅ ካልን አይቀር፣ ሁለተኛው ወዳጅ እጅ ነው። የጣት ላብ ጨውና ቅባት አለው፤ በተለይ መዳብ ላይ ያረፈ አሻራ ከጊዜ በኋላ ጠቁሮ ይቀራል። የማን አሻራ እንደሆነ መለየት እስኪቻል ድረስ! ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ ፊቱ ሳይነካ። ከሥር ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ይነጠፋል። እኛ እንግዳ ሲመጣ ቆርቆሮውን ከማውጣታችን በፊት እጅ እናስታጥባለን። እንግዳው ምግብ የቀረበ መስሎት ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ሳንቲም ይቀርብለታል።

ሦስተኛው ወዳጅ ፕላስቲክ ነው። ብዙ ሰው "እንዳይበላሽ" ብሎ ሳንቲሙን እንደ መታወቂያ ማስቀመጫ ባለ ለስላሳ ላስቲክ ኪስ ይከተዋል። እነዚያ ኪሶች ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ናቸው። ፒቪሲ ሲያረጅ አሲድና ቅባት ያወጣል፤ ሳንቲሙ ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ይቀራል፤ ከቆየም ብረቱን ይበላዋል። መለያው አፍንጫ ነው። ለስላሳ ሆኖ እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ ከሸተተ ሽሹት። ደህናዎቹ ማይላር፣ ፖሊኢትሊን እና ፖሊፕሮፒሊን የሚባሉት ናቸው። በመሃሉ የማይላር መስኮት ያለው ትንሽ የካርቶን ማቀፊያ ለዚሁ ተብሎ ይሠራል፤ ርካሽም ቀላልም ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሽቶውን ተዉትና አንድ መቶ እሱን አስመጡ። ስቴፕለር ስትመቱ ግን የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ አስተኙት፤ አለበለዚያ የጎረቤቱን ሳንቲም ይጭረዋል።

አራተኛው አየር ነው። ይህኛው የአበሻ ቤትን በደንብ ያውቀዋል። የቡና ከሰል ጭስ፣ እጣን፣ የክረምት እርጥበት... ሁሉም ሳንቲሙ ላይ ያርፋል። ሱፍ ጨርቅና የገንዘብ መጠቅለያ ላስቲክ ድኝ አላቸው፤ ብር ያጠቁራሉ። ናፍታሊን ልብስን ከብል ቢያድንም ከሳንቲም ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ መግባት የለበትም። ኩሽና አይሆንም፣ መታጠቢያ ቤት ፈጽሞ አይሆንም፣ ቀን የሚግል ሌሊት የሚቀዘቅዝ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አይሆንም። እኛ የመረጥነው የመኝታ ክፍሉን ቁም ሣጥን ነው፤ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ብሎ የቆመውን፣ ከወለልም ከፍ ያለውን መደርደሪያ። በጠባብ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ማቀፊያዎቹ ቆመው ተደርድረዋል። ከጎናቸው በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኘው ሲሊካ ጄል አለ። ክረምት ሲወጣ በአዲስ ይተካል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መዳብ ወይም ነሐስ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ያን ሳንቲም ከሌሎቹ ለዩት። እርጥበት ካገኘ አያቆምም፤ ብረቱን ከውስጥ እየበላ ይሄዳል። ደረቅ ቦታ ለብቻው ይቀመጥና የሚያውቅ ሰው ይየው።

ሌባስ? አለ እንጂ፣ ለምን አይኖርም! ግን ሌባ ቤት ከመግባቱ በፊት ወሬ ይሰማል። ወሬውን የምናወራው ደግሞ እኛው ነን። ሠፈሩ በሚታወቅበት ፎቶ ጠገራ ብር እያሳዩ ቲክቶክ ላይ መለቀቅ ለሌባው ካርታ ሥሎ እንደመስጠት ነው። እሳት ይቋቋማል የሚባል ካዝና ለመግዛት አቅም ያላችሁም ልብ በሉ፤ አንዳንዱ ውስጡ እርጥበት ያቁራል። ሲሊካ ጄሉ እዚያም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ የብር ገዢ ቆርቆሮውን አይቶልን ነበር። ሁለቱን ማርትሬዛና የምኒልኩን ብር ሚዛን ላይ አወጣቸው። እያንዳንዳቸው 28 ግራም ገደማ። ማርትሬዛ ከሺው 833 እጅ፣ የምኒልክ ብር 835 እጅ ንጹሕ ብር ናቸው፤ ስለዚህ በሁለቱም ውስጥ ያለው ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። "እኩል ናቸው" አለን ገዢው፤ በግራም ዋጋ ጠራልን። ጆሮ የተበየደባትን ደግሞ "ይቺን እንኳ ጆሮዋን ነቅላችሁ ብታመጧት" አለ።

ዋጋው መጥፎ አልነበረም፤ የቤት ኪራይ በተጨመረብን ሰሞን ነው የተጠራው። አልዋሽ ብንልም አልጓጓንም አንልም። ግን ያ ሚዛን ምን ያህል ነገር እንዳላየ ለራሳችን ቆጠርን። የታወቀው ማርትሬዛ 1780 ይላል፤ እቴጌይቱ የሞቱበት የአውሮፓ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዓመቱ ሳይለወጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀረጽ ኖሯል። በአውሮፓውያን 1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወርር ሲሰናዳ ቅርጹን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ያስቀርጽ ጀመር፤ ከዚያ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ኋላ ቦምቤይም ቀረጹ። የእኛዎቹ ከየትኛው ከተማ ወጡ? ይህን የሚናገሩት በእቴጌይቱ ብሩክና በሌላው ጌጥ ላይ ያሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው። ቢወለወሉ ኖሮ እነዚህ ይጠፉ ነበር።

ጆሮዋስ? ለሰብሳቢ ዋጋ ትቀንሳለች፤ እውነት ነው። ግን ጆሮዋን ያስበየደችው የአባዬ አያት ናት። አባዬ እንደነገረን ያቺ ብር አንገቷ ላይ ሳለች ሦስት ልጅ አዝላለች፤ ሁሉም ጨብጠው እያለቀሱ አድገዋል። ከሦስቱ አንዷ የአባዬ እናት ናት። የእቴጌይቱ ጉንጭ ለስልሶ የጠፋው በሕፃን መዳፍ ነው። አሁን ይህን የትኛው ሚዛን ያነሣል?

ስለዚህ ከሣጥኑም፣ ከሲሊካ ጄሉም በላይ ዋናው መጠበቂያ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ቁጥር ሰጠን። የፊቱና የጀርባው ፎቶ፣ ክብደቱ፣ በግዕዝ ቁጥር ያለው ዓመት፣ ያለበት ጉዳት፣ ከማን እንደመጣ ይጻፋል። አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ሳንቲሙ ቢሰረቅ ለፖሊስ የሚታይ ማስረጃ ነው፤ ባይሰረቅም ለልጅ የሚነበብ ታሪክ። ደብተር የሌለው ቆርቆሮ ባለቤቱ ሲያልፍ በግራም ይሸጣል። ሲሸጥ አይተናል።

ከ37ቱ 24ቱ ተጽፈዋል። 13 ይቀራሉ። የአባዬ ዓይን ሞራ ጀምሮታል፤ ስለዚህ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዘን መዳፉ አጠገብ እናቀርብለታለን፤ እሱ በጥፍሩ ጠርዙን ዳብሶ "ይቺ አበባዋ ሃያ አምስት ናት፤ ደብረ ብርሃን ሳስተምር ነው ያገኘኋት" ይለናል። አንዳንዷን ይረሳታል። ሲረሳት ዝም ይልና "ቆዩ፣ ትመጣለች" ይላል። እኛም እንቆያለን።

እናንተም በዚህ እሑድ ቆርቆሮውን ያወጡላችሁ ዘንድ ጠይቁ። ሎሚውን ሻይ ላይ ጨምቁት፤ ደብተርና እስክሪብቶ ግን አትርሱ። መጀመሪያ የምትጽፉት የሳንቲሙን ዓመት አይሁን፤ እሱ እዚያው ተቀርጿል። መጀመሪያ ከማን እንደመጣ ጠይቁ።