የስኪ ማሰሪያ ስትገዙ ግራም አትቁጠሩ

ፖለቲካ ፈልጋችሁ የገባችሁ ለዛሬ ታገሡኝ። ሰሞኑን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ያከራከረን የምርጫ ጉዳይ አይደለም፣ የስኪ ማሰሪያ ነው። ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ልጅ የምታሳድጉ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፤ ኳሱን ትቶ ተራራውን መርጧል። ተራራውንም ቢሆን ዝም ብሎ መውረድ አይበቃውም። እሱ የሚወደው ፍሪስታይል የሚባለውን ነው፦ መዝለል፣ አየር ላይ መሽከርከር፣ ብረት ላይ መንሸራተት፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ማረፍ። እናቱ ደግሞ "አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ጠያይቀህ ግዛለት" ብላ ነገሩን ለእኔ ጣለችው። ጠየቅሁ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ማሰሪያ (እነሱ ባይንዲንግ ይሉታል) ጫማውን ስኪው ላይ የሚቆልፈው ዕቃ ነው። ሮቤል ተክለማርያምን የምታስታውሱት ትኖራላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው። የእሱ ውድድር አገር አቋራጭ ስለሆነ ጫማው የሚታሰረው ከጣቱ በኩል ብቻ ነው፤ ተረከዙ ነፃ ነው። የቁልቁለቱና የፍሪስታይሉ ግን ፊትም ኋላም ይቆልፋል። እግር እንዲህ ተቆልፎ ስኪው በረዶ ውስጥ ተሰክቶ ሲጠመዘዝ የሚሰበረው ቅልጥም ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ሁለት ተቃራኒ ሥራ ተሰጥቶታል፤ አጥብቆ መያዝ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ መልቀቅ።

መልቀቅ የሚችል ማሰሪያ በ1937 የሠራው ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ኦሪገን የኖረው ያልማር ህቫም ነው፤ የገዛ እግሩን ከሰበረ በኋላ። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ቤል "ሉክ"ን፣ ጀርመናዊው ሃነስ ማርከር ደግሞ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሁለቱም ስሞች ዛሬም ገበያው ላይ አሉ። ቬርሞንት ውስጥ ሹገርቡሽ በሚባለው ተራራ ከ1972 ጀምሮ ጉዳት ሲመዘግቡ የኖሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ማሰሪያው እየተሻሻለ ሲመጣ የቅልጥም ስብራት እጅግ ቀንሷል። የጉልበት ጅማት ግን በዚያ ልክ አልዳነም፤ የተለመደው ማሰሪያ የተሠራው ቅልጥምን ለማዳን እንጂ ለጉልበት አይደለም። ሻጩ ይህን ሳትጠይቁት አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ክርክራችን። ልጁ የፈለገው "ቀላልና የማይሰበር" ነው። ቀላል የሚለውን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ያነሰ ክብደት ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። ለፍሪስታይል የሚሆነው ማሰሪያ አንዱ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ በሞዴልና በሞዴል መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ መቶ፣ ሁለት መቶ ግራም ገደማ ነው። ያ መቶ ግራም የሚያርፈው ደግሞ እግር ሥር፣ ስኪው መሀል ላይ ነው። ዱላ መሀሉን ይዛችሁ አሽከርክሩ፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ብታስሩበት ይከብዳችኋል፣ እጃችሁ አጠገብ ብታስሩት ግን ብዙም አትሰሙትም። አየር ላይ የሚዞር ልጅም እንዲሁ ነው። ቅለት ከፈለገ ስኪው ጫፍና ጫፍ ላይ ይፈልገው።

እውነተኛ ቀላል ማሰሪያማ አለ። ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ባርተል በ1980ዎቹ የፈጠረው፣ ጫማውን በትንንሽ የብረት ሹሎች የሚይዘው ዓይነት ተራራ በእግር ለሚወጡ ሰዎች ነው፤ ከነዚህኛዎቹ ግማሽ እንኳ የማይመዝን አለ። ልጁ ቪዲዮ ላይ አይቶት ጓጉቶ ነበር። እንደ እሱ እየዘለለ ለሚያርፍ ግን አይሆንም። ዘላይ የሚፈልገው ምት ሲመጣ ጫማው ትንሽ ተንፏቆ ሞላው መልሶ ወደ ቦታው እንዲያስገባው ነው፤ ያኛው ይህን ቦታ እምብዛም አይሰጥም።

"የማይሰበር" የሚለው ላይ ግን ልጁ ግማሽ እውነት አለው። ብረት ላይ የሚንሸራተት ሰው ማሰሪያውን በየቀኑ ያጋጨዋል። ፕላስቲኩ በብርድ ይሰነጠቃል። እዚህ አገር ደግሞ አይ-70 መንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ መኪና ጣሪያ ላይ የታሰረ ስኪ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ይበላዋል፤ ሸፍኖ መጫን ወይም ማታ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ስለዚህ ምቱን የሚቀበለው ክፍል ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ላይ ነው። ማሰሪያው በስንት ኃይል እንደሚለቅ የሚወስነው ሞላ ቁጥር አለው፤ ዲን ይባላል። ቁጥሩ የሚወጣው ከኪሎ፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከጫማው ሶል ርዝመትና ከአነዳድ ዓይነት ነው። የእኛ ልጅ 62 ኪሎ ነው፤ ደፋር ነጂ ተብሎ ተመዝግቦ እንኳ የወጣለት 6 አካባቢ ነው። እሱ የተመኘው ጠንካራው ማርከር ጄስተር ከ6 እስከ 16፣ ሉክ ፒቮት 15 ደግሞ ከ6 እስከ 15 ነው። ሁለቱም ምርጥ ዕቃ ናቸው፤ ግን የልጁ ቁጥር የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ለእሱ አልተሠሩም። ማርከር ግሪፎን 13 ከ4፣ ታይሮሊያ አታክ 14ም ከ4 ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ ዋጋውም ይረክሳል።

"አጎቴ፣ 6 የሕፃን ነው፤ ጓደኞቼ 10 ላይ ናቸው" አለኝ። እዚህ ላይ ነው የተጋጨነው። በዚህ ዕድሜ ያ ቁጥር የወንድነት መለኪያ ሆኗል፤ ልጆቹ ጋራዥ ውስጥ በካቻቢቴ ራሳቸው ያጠብቁታል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ አየር ላይ ወይም ሲያርፉ ያለጊዜው የሚለቅ ማሰሪያም ሰው ይጎዳል። ግን ብዙ ጊዜ ያለጊዜው የሚለቀው ቁጥሩ ስላነሰ አይደለም። ከጫማው ሥር በረዶ ተጋግሮ ይሆናል፣ ሶሉ አልቆ ይሆናል፣ የተረከዙ ክፍል ጫማውን ወደ ፊት የሚገፋበት ልክ ተዛብቶ ይሆናል። መጀመሪያ እነዚህ ይታዩ። ከዚያም በላይ ካስፈለገ ለባለሙያው ይነገረው፤ እሱ ጽፎ፣ አስፈርሞ ይጨምራል።

ያገለገለ ርካሽ ዕቃ የምታስሱ አንድ ነገር እወቁ። አምራቾቹ በየዓመቱ ኃላፊነት የሚወስዱባቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ያወጣሉ። ከዝርዝሩ የወጣ አሮጌ ማሰሪያ ይዛችሁ ብትሄዱ ሱቁ አይነካላችሁም፤ ክስ ይፈራል። በ60 ዶላር የተገዛው እዚያው ያርፋል። ጫማውም ይታይ፤ ግሪፕዎክ የሚባለው የተጠማዘዘ ሶል በብዙ አሮጌ ማሰሪያዎች ላይ አይገባም።

በመጨረሻ ከ4 የሚጀምረውን ገዛን። የተረፈችው ገንዘብ ለመግጠሚያና ለፍተሻ ሄደች፤ ማሽኑ ጫማውን ጠምዝዞ በትክክል ስንት ላይ እንደሚለቅ ይለካል። ከሁሉም ወጪ ያልቆጨኝ ይሄ ነው፤ ተጽፎ የተቀመጠ ቁጥርና በርግጥ የሚለቅበት ኃይል ሁልጊዜ አንድ አይደሉምና። እህቴ ደረሰኙን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ልጁ አሁንም ለ9 ይከራከራል። በኅዳር ኪሎውም ቁመቱም ስለሚጨምር እንደገና እናስፈትሻለን፤ እስከዚያ ካቻቢቴው እኔ ዘንድ ነው።