ሞጆ፤ የቆዳው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ ቢሾፍቱን አልፎ፣ የሉሜን የጤፍ ማሳ ግራና ቀኝ እየተመለከተ፣ ከመነሻው ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ሞጆ ይደርሳል። ሞጆ የመንገድ ልጅ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ያለፈው በእርሷ በኩል ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የኤሌክትሪክ ባቡር አልዘለላትም። አንደኛው ጎዳና ወደ አዳማ ሲቀጥል ሌላው ወደ ቆቃ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ ይገነጠላል። ከባሕር የመጣው ዕቃ የሚራገፍበት ደረቅ ወደብም የሚገኘው እዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ መንገደኛው ሞጆን ከዓይኑ በፊት በአፍንጫው ያውቃታል። ነፋሱ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ በኩል ሲነሣ የአውቶቡሱ መስኮት ይዘጋል። መስኮቱን የዘጋ ሰው ግን ነገሩን አላስቀረውም፤ ከሽታው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ከአጥሩ ሥር ወጥቶ ወደ ሞጆ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ነውና።

ቆዳ ውሃ ወዳድ ነው። አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ለማልፋት ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ከ150 እስከ 200 መሆኑ ነው። በመጀመሪያ ቆዳው ጨውና እድፉ እንዲለቅ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ ጠጉሩ እንዲረግፍ በኖራና በሰልፋይድ ይነከራል። ከዚያ በኋላ በጨውና በአሲድ ተዘጋጅቶ፣ በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ክሮም ይጠጣል። ነገር ግን ከገባው ክሮም ቆዳው የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ነው። የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል።

ታዲያ ወዴት ይሄዳል? የሞጆ ወንዝ መድረሻው ቆቃ ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ኀይል ተብሎ አዋሽ የተገደበበት ሐይቅ ነው። ከግድቡ የሚወጣው አዋሽ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ የአዳማም ሰው የሚጠጣው ውሃ ከዚሁ ወንዝ ተቀድቶ፣ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። በሞጆ አካባቢ ደግሞ ገበሬው በወንዙ ቲማቲምና ጎመን ያለማል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በአካባቢው አትክልት ውስጥ ክሮሚየምን ጨምሮ ልዩ ልዩ ብረታ ብረት ከሚመከረው መጠን በላይ ማግኘቱን ገልጿል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም አገኘ ማለት ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዋናው ምሥጢርም ውሃው ሳይቀላቀል መለየት ነው። የሰልፋይዱ ውሃ ከአሲዱ ጋር ቢገናኝ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ ቦይ መሄድ አለበት። ክሮም ያለበት ውሃ ለብቻው ተይዞ ማግኒዥያ ሲጨመርበት ክሮሙ አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ያም በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ እንደገና ቆዳ ያለፋል። እንዲህ ሲሆን ፋብሪካው መርዙን ይቀንሳል፣ ገንዘቡንም ያተርፋል። ሰልፋይዱ ደግሞ ጥቂት የማንጋኒዝ ጨው ታክሎበት አየር ሲነፋበት ይከሽፋል።

የቀረውን ሥራ ተፈጥሮ ትረዳለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ለሙከራ ባቋቋሙት ማጣሪያ፣ ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በሌለበት ጋን፣ ቀጥሎም አየር በሚነፋበት ጋን ውስጥ በዓይን ለማይታዩ ተሕዋስያን ይሰጣል። እነርሱ ቆሻሻውን ሲበሉ ከመጀመሪያው ጋን የሚነድ ጋዝ ይገኛል። በመጨረሻ ውሃው በሰው እጅ በተበጀ ረግረግ፣ በሸምበቆና በመሰል ተክል ሥር እያዘገመ ያልፋል። ወላጆቻችን ረግረግን የወባ ማደሪያ አድርገው ነበር የሚያውቁት፤ በልኩ ከተሠራ ግን ብዙ ማሽን የማይጠይቅ ማጣሪያ ይሆናል። ክሮሙ አስቀድሞ ካልተለየ ግን እነዚያ ተሕዋስያን ይመረዛሉ፤ ዝቃጩም በየሜዳው ከተደፋ ጉዳቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ሕጉስ? ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም.፣ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ወጥተዋል። ፋብሪካዎቹን በአንድ ሥፍራ ሰብስቦ ፍሳሻቸውን በጋራ ማጣሪያ ለማከም የታሰበበት «የሞጆ ቆዳ ከተማ» የተባለው እቅድም ከተነገረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሆኖም አዋጅ ውሃ አያጣራም። ጋኑ ተሠርቶ የአየር ማንፊያው ወጪ ለመቆጠብ ከጠፋ፣ ወይም ቦዩ ሌሊት በጎን ከተከፈተ፣ የተጻፈው ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የሞጆን ቆዳ ማንም አይጠላም፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። የሚፈለገው ጫማችንን የሰጠን እጅ የጎረቤቱን እንስራ እንዳያቆሽሽ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ተማሪ ከሆንክ ነገ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንክም ምናልባት ዛሬ፣ አንድ ጠርሙስ ይዞ ወደ ወንዙ ዳር የሚወርድ፣ ያገኘውንም ቁጥር ሳይቀንስ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በሞጆ ድልድይ ሥር ቆሞ የሚቀዳው ውሃ አዳማ በማድጋ የሚጠበቀው ነው።