«ቢበላም ሠርቷል»

ዛሬ ከለመድነው የፖለቲካ መንደር ጥቂት ወጣ ብለን ወደ አንዲት ትንሽ የዴንማርክ ከተማ የእግር ኳስ ሜዳ እንድንሄድ እጋብዛችኋለሁ። ጉዳዩ የኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር፤ የጨዋታ ትንታኔ የባለሞያዎቹ ድርሻ ነውና። ነገር ግን ኤፍ.ሲ. ኖርድሼላንድ የተባለው ክለብ ታሪክ ለረጅም ዘመን አብሮኝ ከኖረ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ጋር ፊት ለፊት አገናኝቶኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

በ2012 በኮፐንሃገን የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ የተከራየኋት ክፍል ፋሩም በምትባል ከተማ ነበረች። ፋሩም ከዋና ከተማይቱ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅና በደን መካከል የተቀመጠች፣ የከተማ ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ናት። ሜይ 23 ቀን ኖርድሼላንድ ሆርሰንስን 3 ለ 0 አሸንፎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የዴንማርክ ሻምፒዮን ሲሆን፣ እኔም ከሕዝቡ ጋር ስጮህ አመሸሁ። በማግሥቱ ጠዋት የቤቱን ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፣ «ለዚህች ለምታህል ከተማ እንዲህ ያለ ስታዲየም ማን ሠራላት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቡናቸውን እየቀዱ «ከንቲባ ነበረን» አሉኝና ታሪኩን ጀመሩ።

ፒተር ብሪክስቶፍተ ከ1985 ጀምሮ የፋሩም ከንቲባ ነበር፤ በመካከሉም ለአጭር ጊዜ የአገሪቱ የታክስ ሚኒስትር ሆኗል። በ1991 የከተማይቱ ሁለት ክለቦች ተዋሕደው ፋሩም ቢ.ኬ. የተባለ አንድ ክለብ ሲመሠርቱ፣ ማንም ትልቅ ነገር አልጠበቀም። ከንቲባው ግን ትልቅ ነገር ይወድ ነበር። አዲስ ስታዲየም ተሠራ፤ አረጋውያን በከተማው ወጪ ፀሐይ ወደሚሞቅበት ደቡብ አገር ለዕረፍት ተላኩ፤ ለተማሪዎች ኮምፒውተር ታደለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ታክሱ ዝቅተኛ ነበር። ጋዜጦች አወደሱት፤ ከሌሎች ከተሞች ሰዎች ሊማሩ መጡ።

ገንዘቡ ከወዴት መጣ? ማዘጋጃ ቤቱ የመዋኛ አዳራሹንና ሌሎች የሕዝብ ንብረቶችን ለባንኮችና ለድርጅቶች እየሸጠ፣ መልሶ ከእነርሱው ይከራይ ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ እጁ ይገባል፤ ኪራዩ ግን ለሚቀጥሉት ዓመታት ይተርፋል። ዛሬ የሚያጨበጭበው ትውልድ ሌላ፣ ነገ የሚከፍለው ትውልድ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

በፌብሩዋሪ 2002 ቢ.ቲ. የተባለው ጋዜጣ ከንቲባው በከተማው ገንዘብ የጠጣውን ውድ የወይን ጠጅ ሒሳብ ይፋ አወጣ። አንድ ክር ሲሳብ ልብሱ በሙሉ ተተረተረ። የተደበቀ ብድር፣ ለወዳጆች የተሰጠ ውለታ፣ የተጋነነ ደረሰኝ ተራ በተራ ወጣ። ብሪክስቶፍተ ከሥልጣኑ ወረደ፤ በኋላም ፍርድ ቤት በሥልጣን አላግባብ መገልገል ጥፋተኛ ብሎት ታሰረ። በ2016 ሞተ። ፋሩም በ2007 ከጎረቤቷ ከቬርሎሰ ጋር ተዋሕዳ ፉርሶ የተባለች ማዘጋጃ ቤት ስትሆን፣ ዕዳው አብሮ ተሻገረ፤ የከንቲባውን ስም እንኳ መርጠው የማያውቁት የቬርሎሰ ሰዎች ከፋዮች ሆኑ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን አልሁ መሰላችሁ? ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁትን ቃል እንደ ጥበብ አቀረብሁት፦ «ቢሆንም ቢያንስ ሠርቷል። በእኛ አገር ‹ቢበላም ሠርቷል› እንላለን፤ በልቶ የማይሠራም አለና።»

አዛውንቱ አልተቆጡም። ተነሥተው ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አመጡና ከፊቴ አስቀመጡት። የዓመቱ የታክስ መግለጫቸው ነበር። «ስታዲየሙ ይኸውልህ» አሉኝ። «እርሱ አልሠራም፤ አዘዘ። የሠራነው እኛ ነን፤ ስንሠራ ግን አልተጠየቅንም። ብንጠየቅ ምናልባት እሺ እንል ነበር።»

መልስ አላገኘሁም። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ሙስናን የምመዝነው በተሰረቀው ገንዘብና በተሠራው ሥራ መካከል ባለው ልዩነት ነበር። ሥራው ከበለጠ ይቅር እል ነበር። ያልተጠየቀ ሕዝብ የሚባል ነገር በሚዛኔ ላይ ቦታ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ስለ ክለቡ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ከንቲባው በወደቀበት በዚያው 2002 ፋሩም ቢ.ኬ. ወደ ሱፐርሊጋው ወጣ፤ በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑም ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2003 ስሙን ከከተማይቱ ወደ ክፍለ ግዛቱ ቀይሮ ኖርድሼላንድ ተባለ፤ ነጋዴው አለን ኬ. ፔደርሰንም ተረከበው። የማዘጋጃ ቤት ካዝና ሲዘጋ ክለቡ በራሱ ወጣቶች መታመንን ተማረ። በአሠልጣኝ ሞርተን ቪግሆርስት ዘመን በ2010 እና በ2011 የዴንማርክን ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ፤ በካስፐር ዩልማንድ ዘመን ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በቻምፒዮንስ ሊግ ዩቬንቱስን በኮፐንሃገኑ ፓርከን ስታዲየም ሲያስተናግድ፣ ትኬት የገዙልኝ እኒያው አዛውንት ነበሩ። በቀይና በቢጫ ያረጀ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መጡ። ሚከል ቤክማን ቅጣት ምቱን ከመረብ ሲያሳርፍ እንደ ልጅ ዘለሉ። ቩቺኒች አቻ አድርጎ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ክለቡ ከምድቡ ያገኘው ነጥብም ያ አንድ ብቻ ሆነ። ወደ ቤት ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ፦ ሒሳቡን የሚጠይቀው ሰው ክለቡን የሚጠላው ሰው አይደለም። በእኛ ዘንድ ግን ደረሰኝ የጠየቀ ሁሉ የልማት ጠላት ይባላል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2015 መገባደጃ ክለቡን የገዛው ከአፍሪካ የመጣ ተቋም ነው። ቶም ቨርነን የተባለ እንግሊዛዊ በ1999 በጋና ያቋቋመው ራይት ቱ ድሪም የተሰኘው አካዳሚ፣ ልጆችን በነፃ የትምህርት ዕድል እያስተማረ ኳስ ያሠለጥናል። ችግሩ ከዚህ በፊት እንዲህ ነበር፦ በፊፋ ደንብ መሠረት ተጫዋች በመርሕ ደረጃ 18 ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ አገር ክለብ መዛወር አይችልም፤ ከሞላው በኋላ ደግሞ ትልቁን የዝውውር ዋጋ የሚያገኘው የአውሮፓው ክለብ ሲሆን ላሳደገው አካዳሚ የምትደርሰው ትንሽ ድርሻ ናት። ቡናችንን በጥሬው ሸጠን የተቆላውን በውድ የምንገዛ እኛ ይህን ስሌት ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም። ራይት ቱ ድሪም መቁያውን ራሱን ገዛ።

ውጤቱም ታየ። ከአክራው ኒማ ሰፈር የወጣው መሐመድ ኩዱስ በ2018 ወደ ፋሩም ሄደ፤ በ2020 ወደ አያክስ ተሸጠ። አይቮሪኮስታዊው ሲሞን አዲንግራ በዚያው መንገድ አልፎ፣ በፌብሩዋሪ 2024 በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አገሩ ናይጄሪያን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሁለቱንም ግቦች አመቻቸ። ስታዲየሙም ዛሬ በአካዳሚው ስም ይጠራል።

ይህን ስሰማ በአፍሪካዊነቴ ደስ አለኝ። ነገር ግን ያቺ የታክስ ወረቀት ትዝ ትለኛለችና፣ የሕልሙ ባለቤት ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። በ2021 የግብፁ መንሱር ግሩፕ 120 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ገባ። የቡድኑ መሪ መሐመድ መንሱር በአገሩ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበረ፣ በ2009 ከደረሰ የባቡር አደጋ በኋላ ከሥልጣኑ የለቀቀ ባለጸጋ ነው። በዚህ ላይ ክስ የለኝም፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። ይሁንና ባለቤትነት አፍሪካ ሲደርስ ለአፍሪካ ሕዝብ ደረሰ ማለት አይደለም፤ የኒማ ልጅ በባለቤቶቹ ጉባኤ ላይ ወንበር የለውም።

እስካሁን የሌላውን ሰው አወራሁ፤ የራሴን ልጨምር። ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፣ በአንድ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የኮሚቴ አባል ሳለሁ፣ የአንድ ሕንፃ ማስፋፊያ ሰነድ ቀረበልን። ዋጋው ከሚገባው በላይ መሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ኃላፊው ግን የሚሮጥ፣ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ጥያቄ ማንሣት ሥራ ማደናቀፍ መስሎ ታየኝ። ፈረምሁ። ሕንፃው ቆሟል፤ በፊቱ ባለፍሁ ቁጥር የፋሩሙ አዛውንት ወረቀታቸውን ይዘው በር ላይ የቆሙ ይመስለኛል።

ዛሬ በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ስለ አንድ ባለሥልጣን «ቢበላም ሠርቷል» ሲሉ አልገሥጻቸውም፤ እኔም ብዬዋለሁና። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፦ ደረሰኙን አይታችኋል? እስኪያዩት ድረስ መሥራቱንም መብላቱንም አያውቁም። የሚያውቁት ሜዳው አረንጓዴ መሆኑን ብቻ ነው።