የኪራይ ጨዋታ

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ኪራይና ባለቤትነት በአንድ መዝገብ እንደማይሰፍሩ አውቃለሁ። እዚህ ፉሪ፣ ከለቡው ባቡር ጣቢያ ትኬት የቆረጠ መንገደኛ የከፈለው ለጉዞው እንጂ ለሐዲዱ አይደለም። በወር ክፍያ የሚሠራ የቪዲዮ ጨዋታ አገልግሎት በሞከርኩበት ሰሞን ይኸው ሐሳብ ከልቤ አልወጣም።

አገልግሎቱ ጌም ፓስ ይባላል፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ነው። ደንበኛው ጨዋታዎችን አንድ በአንድ ከመግዛት ይልቅ በየወሩ እየከፈለ ከዝርዝሩ የወደደውን ያወርዳል፤ ክፍያው ሲቋረጥ ግን ያወረደው ሁሉ ይዘጋበታል። የአንድ ወሩን ሂሳብ የሸፈነልኝ አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። «እንደ ልጅነታችን አብረን እንጫወት» አለኝ። ከተለያየን ዓመታት ተቆጥረዋልና እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ሜሞሪው 4 ጊጋባይት፣ ባትሪው ከሞተ የቆየ። እንዲህ ላለ ማሽን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ጨዋታው በሩቅ አገር ኮምፒውተር ላይ እየሠራ ምስሉን ብቻ በኢንተርኔት መቀበል ነው። ያን ጊዜ የመሣሪያው እርጅና ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው መስመሩ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚፈስ ምስል በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይበላል። ቁጥር መደመር የለመደ አእምሮዬ ይህን አልፈቀደም። ሁለተኛው መንገድ ለአሮጌ ማሽን የሚራራ ጨዋታ መምረጥ ነው። በ1999 ወጥቶ በ2019 የታደሰውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለትን መረጥኩ። ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩለት፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ እያጓራ ተከፈተ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ሾተል የታጠቁ ተዋጊዎች አሏቸው፤ ድንቅ ሕንፃቸው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ የዮዲት ጉዲትም ታሪክ በአምስት ምዕራፍ ይጫወታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፦ መንደርተኛውም ወታደሩም ሲታዘዙ በአማርኛ ይመልሳሉ።

ወንድሜ በመጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እስኪ ደግመህ እዘዘው» አለኝ። ደግሜ አዘዝኩት። በሥራ ቦታው ቀኑን ሙሉ አማርኛ ሳይሰማ የሚውል ሰው መሆኑን ያኔ አሰብኩ። ጨዋታውን ትተን እስኪመሽበት ድረስ ስለ እናታችን አወራን።

ወሩ ሲያልቅ ጨዋታው ተዘጋ። ውሉ ይህ ነበርና ቅሬታ የለኝም። ያሳሰበኝ፣ ያ ድምፅ የእኛው ቋንቋ ሆኖ ሳለ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። ግጥም እጽፋለሁና ቋንቋን በኪራይ መስማት ይከብደኛል። ሌሎች አክብረው ቃላችንን ከሥራቸው ማግባታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ እኛ ግን በገዛ ቃላችን ምን ሠራን?

መልሱ ባዶ አይደለም። ቅኔ ጌምስ የተባለ የአገራችን ድርጅት «ኩኩሉ» የሚል የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ናት። ለእሷ ስልክ ይበቃል። የሠሪዎቹን ስም ሳነብ ደስ አለኝ፤ ቅኔ ከእኛ ቤት የወጣ ነውና።

ለወንድሜ ሳቅ ስል ሌላ ወር መከራየቴ አይቀርም። ነገር ግን አንድ ቀን፣ «ደግመህ እዘዘው» ሲለኝ የምከፍትለት ጨዋታ እዚሁ የተሠራ ቢሆን እመኛለሁ።