አሥር ዓመት በስህተት የተከሰሰው ዘበኛ

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ስለ አንድ ፕሮቲን ልጽፍላችሁ ነው። «አገር በዚህ ሁሉ ጉዳይ ተወጥሮ ስለ ፕሮቲን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታገሡኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ሞት ነው።

አባቴ የቆቦ ገበሬ ነበሩ። ማሽላ አርሰው ስምንት ልጅ አሳድገዋል። በ2003 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከሱ፣ ሆዳቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። መንደሩ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። ቅጠል ተቀጠቀጠ፤ ጠበልም ተሞከረ። አልሻል ሲላቸው ከአዲስ አበባ ሄጄ ወደ ደሴ ይዣቸው ወጣሁ። አልትራሳውንዱ ጉበታቸው ላይ ትልቅ ዕጢ አሳየ። ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፦ «ይጠጣሉ?»

አባቴ መዋሸት አያውቁም። «በዓል ሲሆን ጠላ እቀምሳለሁ» አሉ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ፍርዱ እዚያው ላይ አለቀ።

እኔ ደግሞ የባሰ ሠራሁ። ማታ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ «አባባ፣ ምናለ መጠጡን ቀደም ብለው በተዉት ኖሮ» አልኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ ልጄ። እንዳልክ ይሁን» አሉኝ። ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። ለቅሶ ላይ «አረቄ ነው የጨረሳቸው» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። አረቄ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። እኔም ዝም አልኩ። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ መጠጥ የሚባል ሳልነካ፣ ታናናሾቼንም «የአባባን አትርሱ» እያልኩ ስመክር ኖርኩ።

በ2012 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የደም ልገሳ ነበር። እኔም ክንዴን ዘርግቼ ሰጠሁ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ስልክ ተደወለልኝና ሄድኩ። ደሜ ለሰው አይሆንም፤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ አለብኝ። የተላክሁባት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እሷ የጠየቀችኝ ብዙ ነው። በቤተሰብ በጉበት የሞተ አለ? ወንድም እህቶችህ ተመርምረዋል? ልጅ ሆነህ ምን ትበሉ ነበር? እህሉን የት ታስቀምጡ ነበር?

የመጨረሻው ጥያቄ አስደነገጠኝ። ማሽላችን የሚቀመጠው በጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ ሲከፈት ግድግዳውን ተጠግቶ የነበረው እህል እርጥበት ገብቶት፣ ሻግቶ ይወጣል። ያ እንዳይባክን ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ችግር ባለበት ቤት እህል አይደፋም። እኛ ቤት ደግሞ ሽታውን ከመልመዳችን የተነሳ የጉድጓድ እህል እንጀራ ይጣፍጠን ነበር።

ፒ53 ከተባለው ፕሮቲን ጋር የተዋወቅሁት የዚያን ሰሞን፣ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ስለ ጉበት ሳነብ ነው። ታሪኩን ሳነብ የአባቴን ፍርድ መልሼ የማነብ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ያለ ሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል በውስጡ መመሪያ የያዘ ዲኤንኤ አለው። ይህ መመሪያ በጨረር፣ በጭስ፣ በመርዝ፣ አንዳንዴም በራሱ በመገልበጥ ስህተት ይበላሻል። ፒ53 ይህን ከሚጠብቁት ዘበኞች ዋናው ነው። በሰላሙ ጊዜ ሕዋሱ ይሠራዋል፣ ወዲያው በደቂቃዎች ውስጥ ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ መጠኑ ጥቂት ነው። ዲኤንኤው ሲጎዳ ግን ማፍረሱ ይቆማል፤ ፒ53 ይከማቻል። ያን ጊዜ ለሕዋሱ «መከፋፈል አቁም» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ጉዳቱ የሚጠገን ከሆነ ይጠገንና ሥራው ይቀጥላል። የማይጠገን ከሆነ ሕዋሱ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ያደርጋል። የተበላሸው አንዱ ሞቶ ሌላው ይተርፋል። ፒ53 ራሱ ሲበላሽ ግን መሞት የነበረበት ሕዋስ አይሞትም፤ ስህተቱን ይዞ ይባዛል። በሰው ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል የተበላሸባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ክሱ ልምጣ። ይህ ፕሮቲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ለንደን ላይ ዴቪድ ሌን እና ላዮኔል ክሮፎርድ፣ ፕሪንስተን ላይ ዳንኤል ሊንዘር እና አርኖልድ ሌቪን፣ ሌሎችም በየፊናቸው ደረሱበት። ካንሰር በሚያመጣ የዝንጀሮ ቫይረስ በተያዙ ሕዋሳት ውስጥ ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ አገኙት። በመለኪያቸው ክብደቱ 53 ሺህ ዳልተን ስለመሰለ ፒ53 ተባለ። እውነተኛው ክብደቱ ወደ 44 ሺህ ገደማ ነው። ስሙ ራሱ ስህተት ነው ማለት ነው፤ ግን ከወጣለት በኋላ የሚለውጠው አልተገኘም።

ፒ53 በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ሞልቶ ይታያል። ስለዚህ «ካንሰሩን የሚያመጣው ይኸው ነው» ተባለ። ለማረጋገጥም ዘረመሉን ገልብጠው ወደ ጤነኛ ሕዋስ አስገቡት፤ ሕዋሱ ወደ ካንሰር አዘነበለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ፒ53 ለአሥር ዓመት ያህል በካንሰር አምጪዎች መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ነገሩ ተገለበጠ። በባልቲሞር የበርት ፎገልስታይን ቡድን የአንጀት ካንሰርን ሲመረምር፣ በክሮሞሶም 17 ላይ ካሉት ሁለት የፒ53 ቅጂዎች አንዱ ጠፍቶ፣ የቀረውም ተበላሽቶ አገኘው። ወንጀለኛ ቢሆን ኖሮ ካንሰሩ ለምን ያጠፋዋል? ሌቪንና ሌሎችም የየራሳቸውን ሥራ መልሰው ፈተሹ። ለካ ለሙከራ ሲገለብጡት የኖሩት ቅጂ የተበላሸው ነበር። ጤነኛውን ቅጂ ሲያስገቡ ሕዋሱ ወደ ካንሰር መለወጡን ከለከለ። ካንሰሩ ቤት ሞልቶ የተገኘውም ዘበኛው እዚያው ቆስሎ ወድቆ ስለነበር ነው። በ1992 ዴቪድ ሌን «የጂኖም ጠባቂ» ብሎ ጻፈለት።

ከዚህ ታሪክ የነካኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የከሰሱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው ስህተቱን ያረሙት። ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1979 ከአግኚዎቹ አንዱ ነበር፤ በ1989ም ከአራሚዎቹ አንዱ ሆነ። ስሙ እንዳይነካ ብሎ አልተሟገተም። ሁለተኛው፣ የተሳሳተ ፍርድ የሚጎዳው የተፈረደበትን ብቻ አይደለም። ጥፋተኛው ተገኝቷል ስለሚባል ፍለጋው ይቆማል። ዘበኛውን ሌባ ብለን ካሰርን በኋላ በሩን ማን ይጠብቃል?

እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ አንድ ነገር ታየ። በቻይናዋ ቺዶንግ እና በደቡባዊ አፍሪካ በጉበት ካንሰር ከተያዙ ሰዎች የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ፣ ፒ53 በብዙዎቹ የተበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነበር። ፕሮቲኑ ከ393 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው፤ የተለወጠው 249ኛው ነው። ሁለቱ አካባቢዎች የሚጋሩት ነገር ሁለት ነው፦ ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ላይ አለ፣ እህላቸው ደግሞ ይሻግታል። ሻጋታው የሚሠራው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። ይህ መርዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ የሻገተ የለውዝ መኖ የበሉ ከ100 ሺህ በላይ ቱርኮች ካለቁ በኋላ ነው። አፍላቶክሲን ጉበት ውስጥ ሲገባ ዲኤንኤውን ይጎዳል፤ 249ኛዋ ቦታ ላይ የጣት አሻራውን ትቶ ይሄዳል። ቫይረሱ በበኩሉ ጉበቱን ዓመት ሙሉ እያቆሰለ፣ ሕዋሳቱ ቁስሉን ለመተካት ያለ ፋታ እንዲከፋፈሉ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ጉዳት ያበዛዋል። ማብሰል ደግሞ መርዙን አያጠፋውም። ማጠብና መፍጨትማ ምን ሊያደርገው!

አባቴን የገደላቸው ይህ ነው ብዬ አልምልም። ከዕጢያቸው ናሙና አልተወሰደም፤ ደማቸው ለቫይረሱ አልተመረመረም። አንዱን የችኮላ ፍርድ በሌላ የችኮላ ፍርድ ብተካ ምንም አልተማርኩም ማለት ነው። መጠጥ ጉበት አይጎዳም እያልኩም አይደለም፤ ይጎዳል። የምለው አንድ ነው፦ ጠላ ስለቀመሱ ብቻ ፈረድንባቸው፤ ከፈረድን በኋላም መጠየቅ አቆምን። የኛ ሰው «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚለው ለሌላው ብቻ እየመሰለን ነው እንጂ እኔንም ይመለከተኝ ነበር።

የዚህን ዋጋ የከፈለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ውጤቴን እንደሰማሁ ሁሉንም ደውዬ «ተመርመሩ» አልኳቸው። ከስምንታችን ሦስታችን ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ታናሽ ወንድሜ ግን «እኔ እኮ አልጠጣም። አንተው አይደለህ አባባን መጠጥ ነው ያልከው?» ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ አለኝ። የራሴ ቃል ተመልሶ መታኝ። ሲመረመር ከሦስታችን የሱ ጉበት ብዙ ጠባሳ ይዞ ተገኘ። አሁን መድኃኒት ላይ ነው፤ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሳል። ሁለቱ ዓመታት ግን አይመለሱም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ቤት መጣሁ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ከጥቂት ደም የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። ነፃ የሆነ ሰው ይከተባል። ያለበት ሰው ክትትል ይይዛል፤ ሲያስፈልግ ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት አለ። ክትባቱ በአገራችን በሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። በሽታው የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። አብሮ መብላትና መጨባበጥ አያስተላልፈውም፤ ስለዚህ የተገኘበትን ሰው ከማዕድ አታርቁት። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ እህሉ በደንብ ሳይደርቅ አይከተት፤ ባዶ መሬት ላይ አይሰጣ፤ የሻገተው ተለቅሞ ይጣል። የሻገተ እህል መጣል ለድሃ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በልቼው አድጌያለሁ። ለዚህም ነው ደረቅ ማከማቻ ለገበሬው ማድረስ የጤናም ጉዳይ ነው የምለው። ስለ ምርት ብዛት የሚያወራ ባለሥልጣን ሁሉ ስለ አቀማመጡም ይጠየቅ።

ባለፈው ፋሲካ ቆቦ ወርጄ ነበር። ማታ ላይ ሰው ሁሉ ሲበተን እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ «እማ፣ አባባን አረቄ አልገደላቸውም። ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው» አልኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች አየችኝ። «እኔ መቼ ገደላቸው ብዬ አውቃለሁ?» አለችኝ።

በማግስቱ መቃብራቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ፣ ከወንድሞቼ ጋር የድሮውን ጉድጓድ በአፈር ደፈንነው።

ቸር ይግጠመን።