እናቱ የት ናት?

እኔ ባደግሁባት በኩታበር ውሻ ስትወልድ ቡችላው ጠንከር ሲል ለጎረቤት ይሰጥ ነበር እንጂ ዋጋ አይጠራበትም ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው ለባለ መኪና የሚያሳዩ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። «የፈረንጅ ዘር ነው» ይባላል፤ ልጆች ይጓጓሉ፤ ወላጅም «ስንት ነው?» ይላል። «እናቱ የት ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ዓይነት የገዛችው ቡችላ ሳምንት ሳይቆይ ሞተ። ልጆቿ ሲያለቅሱ ሻጩ ከየት ይገኝ?

ውሻ የምታረግዘው ለ63 ቀን ያህል ነው፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ትርፍ ብቻ የሚያይ አርቢ ያለ ዕረፍት ያስወልዳታል። ወልዳ ላጠባች እናት የዚህን ድካም መንገር አያሻም። ቡችላዎቹም 8 ሳምንት ሳይሞላቸው፣ ጡት ሳይጠግቡ ስለሚለዩ በሽታ በቀላሉ ይጥላቸዋል።

ነገሩ የቤተሰብ ጤናም ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለቡችላ በተለምዶ የሚሰጠው 3 ወር ሲሞላው ነው። ስለዚህ የ1 ወር ቡችላ ታቅፎ «ተከትቧል» የሚልን ሻጭ አንመን። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም።

በእንግሊዝ አገር በ2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለ ሕግ 6 ወር ያልሞላው ቡችላ በነጋዴ እጅ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ አርቢው ራሱ ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማሳየት አለበት። እኛም ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት እናቲቱን እንይ፤ የክትባት ወረቀት እንጠይቅ። እናቲቱን ለማሳየት እምቢ ካለ ሻጭ አንግዛ፤ ገዥ ያጣ ገበያ መዘጋቱ አይቀርም።