በአሮጌው ጸሎት ቤት

ለማስተማር ልምምድ ወደ ነጌሌ ቦረና አካባቢ በወረድንበት ሳምንት ያረፍነው በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ባለ አሮጌ ጸሎት ቤት ነበር። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በ1940ዎቹ ወደ ደቡብ ሲገባ ከጸሎት ቤቱ ጋር ትምህርት ቤትና ክሊኒክም ይተክል ነበር። የኛም ቤት የሚሲዮን ሥራ ነው፤ ለምእመናኑ ሰፋ ያለ ከተሠራ ወዲህ ለእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። አግዳሚዎቹ ወጥተው አራት የሽቦ አልጋ ገብቷል። መስቀሉ የነበረበት ቦታ ግን ዛሬም ከግድግዳው ነጣ ብሎ ይታያል።

ማታ ስንደርስ አዛውንቱ ዘበኛ አንድ ጀሪካን ውሃ አቀረቡልን። እኔ አቧራው አስመርሮኝ ስለነበር እግሬን፣ ራሴን፣ አልፌም ሸሚዜን አጠብኩበት። ሽማግሌው አዩኝ፤ እንግዳ ነውና ምንም አላሉም።

በማግሥቱ አራተኛ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ አንዲት ልጅ የለችም። በቀይ እስክሪብቶ «ቀሪ» አልኳት። «ሰነፍ ሳትሆን አትቀርም» ማለቴንም አልደብቅም።

ቀትር ላይ ወደ ማረፊያችን ስመለስ አንዲት ልጅ ከአህያ ላይ ጀሪካን ታወርዳለች። የዘበኛው የልጅ ልጅ ናት።

«ዛሬ ትምህርት የለሽም እንዴ?»

«ነበረኝ ቲቸር። የእንግዶቹ ውሃ አልቆ ነው።»

ስሟን ጠየቅኋት። ያቺው «ቀሪ» ናት!

ቱላ በሚባሉት የቦረና ጥልቅ ኤላዎች አባ ሄሬጋ የሚባል ተራ አስጠባቂ አለ፤ ማንም ከተራው አያልፍም። በጥር 1966 ዓ.ም. የነጌሌ ጦር ያመፀው በምግብና በውሃ ነበር፤ ሊያነጋግራቸው የመጣውንም ጄኔራል ከሚበሉት አቀመሱት። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የአንድ ጀሪካን ዋጋ ግን የገባኝ በዚያች ልጅ ፊት ነው።

«ቀሪ» ያልኩትን አልሰረዝኩም፤ ቀርታለችና። «በእኔ ምክንያት» ብዬ እንዳልጨምር የስም መጥሪያው ለዚህ ቦታ የለውም። ማታ ማታ ግን በዚያው ጸሎት ቤት በፋኖስ ያመለጣትን ክፍልፋይ አስጠናኋት። እኛም በጣሳ እየለካን መታጠብ ጀመርን።

ጓደኞቼ፣ እናንተም ተራችሁ ደርሶ ስትወርዱ፣ ስም ከመጥራታችሁ በፊት የታጠባችሁበትን ውሃ ማን እንደቀዳው ጠይቁ።